ሰደቃ ሰጠናቸው፤ ሐሳባቸውን ግን አልጠየቅናቸውም

 

ረመዷን የቁርኣን ወር ነው። የሰደቃና የዝምድና ወርም ነው። በየመስጂዳችን ደጃፍ የኢፍጣር ማዕድ ይዘረጋል፤ ያለው ለሌለው ያካፍላል፤ የተራራቀ ጎረቤት ይጠያየቃል። እኔም በየዓመቱ በጀመዓው ፊት ቆሜ ስለ ሰደቃ እናገራለሁ። ዘንድሮ ግን ከመስጠት ቀድሞ ስለሚመጣ አንድ ነገር ልጽፍላችሁ ፈልጌአለሁ። እርሱም መጠየቅ ነው። ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ ሳልጠይቅ ቀርቼ በደረሰ ጥፋት ምክንያት ስለሆነ፣ ከራሴ እጀምራለሁ።

በሰፈራችን አንድ ወጣት አለ። የአእምሮ እድገት ውስንነት አብሮት ተወልዷል። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፤ ከእናቱ በቀር ንግግሩን የሚረዳው ሰው ብዙ አይደለም። መስጂዱን ግን ከብዙዎቻችን በላይ ይወዳል። መግሪብ ሲደርስ በሩ ላይ ቆሞ የሰጋጆቹን ጫማ ጥንድ ጥንድ እያደረገ ይደረድራል። የማን ጫማ የትኛው እንደሆነ ያውቃል፤ ሰው ሲወጣ ሳይጠየቅ አንስቶ ይሰጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ረመዷን ሊገባ ሲል የዚህ ልጅ ጠባይ ተለወጠ። ምግብ እምቢ አለ። ሌሊት ይጮሃል። መዳፉን እያነሳ የጭንቅላቱን ጎን ይመታል። እናቱ ጨነቃቸውና ወደ እኔ አመጡት። «ሸኽዬ፣ ልጄን ምን እንደነካው አላውቅም፤ እባክዎ ይቅሩበት» አሉኝ። እኔም ቀራሁበት። «የአላህ ፈተና ነው፤ ሶብር ያድርጉ» ብዬ ሸኘኋቸው። ልጁን ግን ምንም አልጠየቅሁትም። ፊቴ ተቀምጦ ሳለ ስለ እርሱ የተነጋገርነው እኔና እናቱ ብቻ ነበርን።

አልሻለው ሲል ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰዱት። እዚያ ያገኛቸው ባለሙያም ልጁን አላናገረውም፤ ዳስሶም አላየውም። እናቱን «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸው የጠየቃቸው ስለ ልጁ አፈጣጠር መስሏቸው «ከተወለደ ጀምሮ ነው» ብለው መለሱ። ባለሙያው «እንግዲያውስ ጠባዩ ነው» አለና ማስታገሻ ጽፎ ሸኛቸው። ሁለቱም የተነጋገሩ መስሏቸው ነበር፤ ግን አልተግባቡም።

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው ሌላ ቦታ አንዲት ነርስ ከፊቱ ጎንበስ ብላ «የት ጋ ነው የሚያምህ? በጣትህ አሳየኝ» ያለችው። ልጁ ጣቱን ጆሮው ላይ አደረገ። ጆሮው ውስጡ መግል ይዞ ነበር። ታከመ፤ አልሐምዱሊላህ ሕይወቱ ተረፈ። የዚያ ጆሮው መስማት ግን አልተመለሰም።

ወገኖቼ፣ «ልጁ መናገር አይችልም» ስንል ነበር። ልጁ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ በመዳፉ ተናግሯል። ያልሰማነው እኛ ነን። ከሁሉም በፊት ያልሰማሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለማን እንደምንነጋገር ግልጽ እንዲሆን አንድ ነገር ላስረዳ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ማለት የአእምሮ ሕመም ማለት አይደለም። የአእምሮ ሕመም በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣ፣ በሕክምናም ሊሻል የሚችል ደዌ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ግን ከውልደት ወይም ከልጅነት ጀምሮ የሚኖር፣ ለመማርና ለመረዳት፣ የዕለት ኑሮን ለብቻ ለመምራት ተጨማሪ ጊዜና እገዛ የሚጠይቅ ሁኔታ ነው። ዳውን ሲንድረም ከሚታወቁት መንስኤዎች አንዱ ነው። በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የአየር እጥረትና በልጅነት የሚይዝ የማጅራት ገትርም ወደዚህ ሊያደርሱ ይችላሉ። ጂን ነው፣ እርግማን ነው፣ የወላጅ ኃጢአት ነው የሚለው ወሬ በሸሪዓችንም በሕክምናም መሠረት የለውም።

እነዚህ ሰዎች እንደማንኛውም ሰው ይታመማሉ። እንዲያውም አንዳንዱ ሕመም በእነርሱ ላይ ይበዛል። የሚጥል በሽታ፣ የጥርስ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ የጆሮና የዓይን ችግር በብዛት ያጋጥማቸዋል። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሲወለዱ ጀምሮ የልብ ችግር አለባቸው። ይሁንና አንድ የታመመ ሰው ሲጮህ ወይም ራሱን ሲመታ፣ ያየው ሁሉ «ውስንነቱ ነው» ብሎ ካለፈ በቀላሉ የሚታከመው ሕመም ሥር ይሰዳል። በዚህ ምክንያት ሊድኑ ሲችሉ የሚሞቱ አሉ። የእኛ ልጅ በአንድ ጆሮው ተረፈ፤ ሁሉም ግን እንደ እርሱ ዕድለኛ አይሆንም።

ታዲያ ዲናችን ምን ያስተምረናል? ከአነስ (ረ.ዐ) ተይዞ በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበ አንድ ሐዲስ አለ። በመዲና አእምሮዋ ላይ ችግር ያለባት አንዲት ሴት ነበረች። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ከእርሳቸው ዘንድ ጉዳይ እንዳላት ነገረቻቸው። እርሳቸውም የፈለገችውን መንገድ እንድትመርጥና እዚያ ጉዳይዋን እንደሚፈጽሙላት ነገሯት። ከዚያም ከእርሷ ጋር ገለል ብለው ጉዳይዋን እስክትጨርስ ድረስ ቆሙላት። ይህን ሐዲስ በወጣትነቴ ስቀራ የነቢዩን ትሕትና የሚያሳይ ነው ብዬ ብቻ ነበር ያለፍኩት። ዛሬ ሳስተውለው ግን ሌላም ነገር አየሁበት። «ቤተሰብሽን አምጪ» አላሏትም። ቦታውን እንድትመርጥ ለእርሷ ተዉላት። ጨርሳ እስክትናገር ድረስም አልተቻኮሉም። አንድ ሐኪም ከዚህ የተሻለ ምን ሊማር ይችላል?

ሁለተኛው ደግሞ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የነገሩን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። የሚጥል በሽታ ያለባት አንዲት ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርባ ስትወድቅ ሰውነቷ እንደሚገለጥ ነገረቻቸውና ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። እርሳቸውም ሁለት ነገር አቀረቡላት። ከፈለገች ትታገሣለች፣ ምንዳዋም ጀነት ይሆናል፤ ከፈለገች ደግሞ ፈውስን ይለምኑላታል። እርሷም መታገሥን መረጠች። ነገር ግን ስትወድቅ እንዳትገለጥ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች፤ አደረጉላትም። ልብ በሉ። እኛ ብንሆን ኖሮ ችግሯ መውደቋ ብቻ ነው ብለን እንደመድም ነበር። እርሷን ከሁሉ በላይ ያስጨነቃት ግን ክብሯ ነበር። ይህን ሊናገር የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ዓይነ ስውሩን ሶሐባ ኢብኑ ኡሙ መክቱምን (ረ.ዐ) ሁላችንም እናውቀዋለን። ሱረቱ ዐበሰ የወረደችበትን ምክንያት ከመድረሳ ጀምሮ ተምረናል። የእርሱ ጉዳት የዓይን እንጂ የአእምሮ አልነበረም። ይሁንና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለእርሱ ሰደቃ በመስጠት ብቻ አልተወሰኑም። ሙአዚን አደረጉት፤ ለዘመቻ ሲወጡም መዲናን አደራ ብለው የተዉለት ጊዜ ነበር። ሱረቱ ኒሳእ ደግሞ በአምስተኛው አንቀጽ ገንዘባቸውን ለብቻቸው ማስተዳደር ስለማይችሉ ሰዎች ስትናገር፣ ሞግዚቶቻቸው እንዲመግቧቸውና እንዲያለብሷቸው ታዝዛለች፤ መልካም ንግግር እንዲናገሯቸውም ታክላለች። ገንዘቡን ሌላ ሰው ቢይዝለትም ንግግሩ የሚደርሰው ለራሱ ለባለቤቱ ነው።

በእስልምና ታሪክም ለሕሙማን የቆሙ ተቋማት ነበሩን። ኑረዲን ዘንጊ በደማስቆ፣ ሱልጣን ቀላዊን በካይሮ ያሠሯቸው ሆስፒታሎች በወቅፍ ገቢ የሚተዳደሩ ነበሩ። የቀላዊን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1284 ሲከፈት ሀብታምና ድሃ፣ ወንድና ሴት ሳይለይ የሚቀበል ነበር። ይህን ታሪክ በኩራት እናወራለን። ኩራቱ ዋጋ የሚኖረው ግን ዛሬ በሰፈራችን ያለውን ጤና ጣቢያ የራሳችን አማና አድርገን ስናየው ነው።

ወደ አገራችን ልምጣ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች በአቅሙ ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ አገራችን በ2002 ዓ.ም ተቀብላዋለች። ይህ ስምምነት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ይጨምራል። በአንቀጽ 25 እንደማንኛውም ሰው የተሟላ ጤና አገልግሎት የማግኘት መብታቸውን ያረጋግጣል። በአንቀጽ 4 ደግሞ እነርሱን የሚመለከት ውሳኔ ሲወሰን ራሳቸውን ማማከርና ማሳተፍ ግዴታ መሆኑን ይናገራል። ጤና ሚኒስቴርም ባለሙያዎቹ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ እንዲሆኑ ሲያስተምር ቆይቷል። ሕጉ አለ፤ መፈክሩም በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ከዚህም በላይ ጥሩ አሠራር አለን። ኅብረተሰቡ ተሰብስቦ ለጤና ጣቢያው ነጥብ የሚሰጥበት ጉባኤ አለ። ባለሙያዎቹ ሰውን በአክብሮት ያስተናግዳሉ ወይ? ወረፋው ይረዝማል ወይ? መድኃኒት ይገኛል ወይ? ግቢው ንጹሕ ነው ወይ? እየተባለ ይገመገማል። እኔም የሃይማኖት አባት ተብዬ እዚያ እጠራለሁ። የቅሬ ዳኞች፣ የሴቶችና የወጣቶች ተወካዮች፣ መምህራን ይገኛሉ። የልጁ ጆሮ ጉዳይ ከደረሰ በኋላ ከነዚህ ስብሰባዎች በአንዱ ላይ ተቀምጬ ዙሪያዬን ተመለከትኩ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት አንድም ሰው አልነበረም። እናታቸውም አልነበረችም። ስለ ጤና ጣቢያው የምንናገረው በሰውነታችን ያልተቸገርን፣ አንደበታችን የተፈታ፣ ተራ ሲጠራ የምንሰማ ሰዎች ብቻ ነበርን። ሱረቱ ሹራ የምእመናን ጉዳይ በመካከላቸው ምክክር መሆኑን ታስተምረናለች። «በመካከላቸው» ሲባል እነዚህ ሰዎች ከመካከላችን አይደሉም ማለት ነውን?

ይህን ለጤና ጣቢያው ኃላፊና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነገርኳቸው። አላህ ይስጣቸውና አልተቆጡም። ተነጋግረን አንድ ነገር ለመሞከር ተስማማን። በሽተኛ በማይበዛበት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ወጣቶች ከነእናቶቻቸው ጤና ጣቢያውን ከበር እስከ መውጫ እንዲያዩና ያስቸገራቸውን ነገር እንዲያሳዩን ጠየቅን። አንደኛው ጫማ የሚደረድረው ልጃችን ነው። ሁለተኛዋ ዳውን ሲንድረም ያለባት የሃያ ዓመት ልጃገረድ ነች። ሦስተኛው የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጅ ነው፤ በኛ አገር በሐዘንም በደስታም የማይለያይ ቤተሰብ ነው። ቀድመን ቤታቸው ድረስ ሄደን ለምን እንደምንሄድ በቀላል ቃል ነገርናቸው። መምጣት ካልፈለጉም መቅረት እንደሚችሉ ነገርናቸው።

እኛ ትልልቆቹ የምንሰማውን ቀድመን የገመትነው መስሎን ነበር። ስለ ተሽከርካሪ ወንበርና ስለ ደረጃው ይነሣል ብለን ነበር። ያልነው አልሆነም።

ካርድ ክፍል ስንደርስ ልጃችን ቆመ፤ አልንቀሳቀስም አለ። ስም የሚጠራው በትንሿ መስኮት ውስጥ ሆኖ በጩኸት ነው። በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማ ሰው ከሕዝብ መካከል ሆኖ ስሙን አይለይም። እናቱ «ሁልጊዜ ተራችን የሚያልፈን እዚህ ጋ ነው» አሉ። ይህን በስንት ስብሰባ ማንም አንሥቶት አያውቅም። ላቦራቶሪው በር ላይ ሦስተኛው ልጅ እጁን ከኋላው ደበቀ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጓንቷን፣ ጥጡንና መርፌውን አንድ በአንድ አሳየችው። ከዚያ የእናቱን ክንድ ይዛ እንዴት እንደምታደርግ በማስመሰል ስታሳየው እጁን ራሱ ዘረጋ። የፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ቀደም ሲል ግን ደም ለመቅዳት አራት ሰው ሆነው ይይዙት እንደነበር እናቱ ነገሩን።

መርፌ መውጊያ ክፍል ስንደርስ ልጃገረዷ በሩን አየች፤ ኮሪደሩ ላይ የቆመውን አግዳሚ ወንበርም አየች። ሻርፗን ወደ ሰውነቷ ሰብሰብ አደረገችና አንድ ቃል ተናገረች፤ «መጋረጃ»። በሩ ስለማይዘጋ መርፌ የሚወጋውን ሰው ተራ ጠባቂው ሁሉ ያየዋል። እርሷም መርፌ በተባለ ቁጥር የምትጮኸው መርፌውን ፈርታ ነው ሲባል ኖሯል።

እኔ በዚያች ሰዓት ዓይኔ እንባ አቀረረ። በመዲና ስወድቅ እንዳልገለጥ ብላ ዱዓ የለመነችው ሴትና ይህች ልጅ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። ያን ሐዲስ ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ። መርፌ መውጊያውን በር ደግሞ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ።

መጋረጃው በሳምንቱ ተሰቀለ። ጨርቁን የመስጂዳችን እናቶች አዋጡ፤ ብዙ ገንዘብም አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ በመጋረጃው የምትጠቀመው እርሷ ብቻ አይደለችም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ፣ ወንዱም ጭምር ተከልሎ ይታከማል። ካርድ ክፍል ደግሞ ተራቸው የደረሰ ሰዎችን አንድ ሠራተኛ ወጥታ አጠገባቸው ሆና ትጠራለች። መድኃኒት ቤቱም በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ መሣል ጀመረ። ይህ ማንበብ ለማይችሉ አዛውንቶቻችንም ጠቅሟል። ሁሉም ተስተካክሏል ብዬ አልዋሻችሁም። ወረፋው ዛሬም ረጅም ነው። ለእነዚህ ሰዎች ቅድሚያ እንዲሰጥ የቀረበው ሐሳብ በተራ ጠባቂው ዘንድ ገና አጉረምራሚ አለው።

በቀጣዩ የነጥብ መስጫ ጉባኤ ልጃገረዷ ከእናቷ ጋር መጣች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሚስቅ፣ ዝም ያለና ያዘነ ፊት የተሣለባቸው ሦስት ወረቀቶች አዘጋጅታላት ነበር። እያንዳንዱ ጥያቄ በአጭር ቃል ይነገራታል፤ እርሷም አንዱን ፊት ታነሣለች። ለመርፌ ክፍሉ የሚስቀውን አነሣች። ለወረፋው ያዘነውን አነሣችና ራሷ ሳቀች። ቤቱም አብሯት ሳቀ። ነጥቧ ከእኔ ነጥብ እኩል ተቆጠረ።

ይህ አሠራር እኛ የፈጠርነው አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ከ14 ዓመታቸው ጀምሮ በየዓመቱ ሙሉ የጤና ምርመራ እንዲያገኙ ይጠራሉ። ሆስፒታል ሲሄዱ ስለ ራሳቸው የሚገልጽ ወረቀት ይዘው ይሄዳሉ። ጤና ተቋማትን ከሚቆጣጠሩት ሰዎች ጋርም አብረው ገብተው የሚመለከቱ አሉ። እዚያ ብዙ ገንዘብ አለ፤ እውነት ነው። ወረቀት፣ እርሳስና ትዕግሥት ግን እኛም ዘንድ አሉ።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትሉትን አውቃለሁ፤ እኔም ስለው ነበርና። «ልጄ አይናገርም፤ ምን ሊመልስ ይጠየቃል?» ትላላችሁ። ቃል የሌለው ሰው ዓይን አለው፤ እጅ አለው፤ የሚሄድበትና የሚሸሽበት ቦታ አለው። የሚሸሽበት ቦታ መልሱ ነው። «እናቱ አለችለት፤ እርሷ ታውቅለታለች» ትላላችሁ። እናት ከሁላችንም በላይ ታውቃለች፤ ስለዚህ እርሷም በጉባኤው ትቀመጥ። ነገር ግን መጋረጃውን የጠየቀችው እናት አልነበረችም፤ ልጅ ናት። ደግሞም አላህ ይጠብቀንና፣ አንዳንድ ጊዜ በደል የሚደርስባቸው ከሚያውቁት ሰው ነው። በተለይ ሴቶች ልጆቻችን በሴት ባለሙያ ለብቻቸው ተጠይቀው የመናገር ዕድል ማግኘታቸው ከበደል ይጠብቃቸዋል።

«ቀደር ነው፤ ከአላህ የመጣውን መቀበል ነው» የሚልም አለ። ቀደር የኢማናችን ምሰሶ ነው፤ አልክደውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን እንድንታከም አዝዘውናል። ውስንነቱ ቀደር ቢሆን፣ ሳይታከም የቀረው ጆሮ የእኛ ቸልተኝነት ነው። ይህን ቀደር ብለን መሸፈን አላህን መዋሸት እንዳይሆንብን እፈራለሁ። ሩቅያም ሐላል ነው፤ ከሕክምና ጋር አይጣላም። ከዚያ ጊዜ ወዲህ እኔ ቤት ለሩቅያ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የት እንደሚያመው ይጠየቃል፤ ጤና ጣቢያ መሄዱንም አረጋግጣለሁ።

የሚያሳፍረን ጉዳይ ደግሞ አለ። ልጆቻችንን ከሰው ዓይን የምንደብቅ አለን። ስድብ ፈርተን፣ የእህቶቹ ጋብቻ ይበላሻል ብለን እናስቀራቸዋለን። ጭንቀታችሁን አልንቅም። ግን አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ሰው ደብቀን አገልግሎቱ ይሻሻልለታል ማለት አይሆንም።

ወሩ ረመዷን ነውና ስለ ጾምና ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ልጨምር። የጾም ግዴታ በዐቅል የተያያዘ ነው። የጾምን ምንነት መረዳት ያልቻለ ሰው ግዴታ የለበትም፤ ወላጆቹም ስለ እርሱ አይጠየቁም። የሚረዳና የሚችል ከሆነ ግን ጾሙ እንደማንኛችንም ጾም ነው፤ «አንተ አይመለከትህም» ብለን አንከልክለው። መሞከር የሚፈልግ ካለም እስከ ቻለበት ሰዓት ይሞክር፤ ከእኛ ጋር ያፍጥር። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ሕይወትን የሚያሳጣ ተከታታይ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል። ሰዓቱን ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ማዛወር ይቻል እንደሆነ የሚነግራችሁ ሐኪሙ ነው። አይቻልም ካለ፣ በሽተኛ መጾም እንደሌለበት የፈቀደው አላህ ራሱ ነውና ልባችሁ አይጠራጠር።

ታዲያ ከዚህ ረመዷን ምን ይዘን እንውጣ? ከቤታችን እንጀምር። ልጃችሁ ዛሬ ሳይታመም የሰውነቱን ክፍሎች እየነካችሁ «እዚህ ጋ ያማል?» የሚለውን አስተምሩት። ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ። ሲያመው ምን ያደርጋል? ምን ይፈራል? ምን ያረጋጋዋል? ምን መድኃኒት ይወስዳል? ማንበብ የማትችሉ ደረሳዎቻችን ይጻፉላችሁ፤ ሰደቃቸው ይሁን። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ወረቀቱን አሳዩ፤ «እርሱንም ያናግሩት» በሉ። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ?» ካላችሁ፣ ከሌላው ጊዜ የተለወጠው ነገር ምን እንደሆነና ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደተለወጠ ተናገሩ።

ኢማሞችና የመስጂድ ኮሚቴዎች ሆይ፣ በቀበሌ የጤና ስብሰባ ስንጠራ ብቻችንን አንሂድ። ከጀመዓችን አንዱን ወጣትና እናቱን ይዘን እንሂድ፤ ቀድመን እናዘጋጃቸው፤ አጠገባቸው እንቀመጥ። የጤና መድን መዋጮ መክፈል ያቃታቸው ድሆች ቤተሰቦች ካሉም ከዘካችን እንመልከታቸው። በኢፍጣር ማዕድ ላይ ከመካከላችን እናስቀምጣቸው፤ ጥግ ላይ አይሁኑ። ደግሞም አደራ፣ ሰደቃ ስንሰጣቸው ፎቶ እያነሣን በፌስቡክ አንለጥፋቸው። ፎቶ ለመነሣትም ቢሆን ፈቃዳቸው ይጠየቃል።

የጤና ባለሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሥራው እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። ከእናንተ የምለምነው ጎንበስ ብላ «አሳየኝ» ያለችው ነርስ ያደረገችውን ያህል ነው። እርሷ ያን ሰዓት ከመሣሪያ የተለየ ነገር አልያዘችም ነበር። ልጁን ግን ጠየቀችው።

ትናንት ማታ ከተራዊህ ስወጣ ልጃችን እንደ ልማዱ ጫማዬን አንሥቶ ሰጠኝ። ደህና በሚሰማው ጆሮው በኩል ዞሬ «ዛሬ እንዴት ነህ? የሚያምህ አለ?» አልኩት። ጥቂት አሰበ። ከዚያ ጉልበቴን በጣቱ ነክቶ አየኝ። ሩኩዕ ስወርድ ማንከሴን ከእኔ ቀድሞ አይቶ ኖሯል። እኔ እርሱን ስጠይቅ እርሱ ጠየቀኝ።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን። የታመሙብንን ያሽርልን፤ አንደበታቸው ያልተፈታውን የምንሰማበት ቀልብ ይስጠን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።